ገንዘቡ መጀመሪያውንም ስልካችሁ ውስጥ አልነበረም!

(ጎሮ ውስጥ በአንድ ኮንዶሚኒየም የጋራ አዳራሽ ለአካባቢው ወጣቶችና ወላጆች የተደረገ ንግግር)



በቅዳሜ ከሰዓት፣ ኳስ እያለ፣ ለቅሶ መድረስ እያለ፣ የዕድር ስብሰባ እያለ፣ ስለ «ጠፋ ክሪፕቶ» ለመስማት እዚህ ድረስ የመጣ ሰው ወይ ገንዘብ ጠፍቶበታል፣ ወይ ገንዘብ የጠፋበት ልጅ አለው። ሦስተኛ ዓይነት ሰው በዚህ አዳራሽ ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ መግቢያ አላበዛም።

እኔ ጋዜጠኛ ነኝ። የኮምፒውተር ምሁር አይደለሁም፤ የባንክ ባለሙያም አይደለሁም። ያለኝ ዲፕሎማ ነው፤ በየወሩ ደመወዝ የሚቆርጥልኝ መሥሪያ ቤትም የለኝም። ሰሞኑን ግን የዚህን ሰፈር ልጆች ስልክ ሳገላብጥ ነው የከረምኩት። «አንተ ትጽፍ የለም? እስቲ ይህን እየው» ይሉኛል። አየዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የማየው አንድ ዓይነት ነገር ነው። ስልኩ ላይ ዜሮ ተጽፏል፤ የልጁ ፊት አመድ መስሏል፤ ገንዘቡ ግን አልጠፋም! የሚጠፋው ከዚያ በኋላ ነው። ዜሮዋን አይቶ ከደነገጠ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ነው። ዛሬ የማወራችሁ ስለነዚያ ሰዓታት ነው።

ለመሆኑ እዚህ እንዴት ደረስን? በ2016 ዓ.ም. ክረምት ከመገናኛ ወደ ጎሮ በሚመጣ ታክሲ የተሳፈረ ሰው ያስታውሳል። ረዳቱ ስልኩን ይጠቀጥቃል፤ ተማሪው ይጠቀጥቃል፤ ጋቢ የለበሱ አባት ሳይቀሩ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠቀጥቃሉ። ሃምስተር! አይጥ መሰል እንስሳ እየነኩ መክበር! ከዚያ ቀደም ብሎ ኖትኮይን የሚሉት የቴሌግራም ሳንቲም ግንቦት 8 ቀን 2016 ዓ.ም. ገበያ ወጥቶ ለአንዳንዱ ልጅ ጫማ ገዝቶለት ስለነበር፣ ሃምስተር ደግሞ ቤት ይገዛልናል ተባለ። መስከረም 16 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ልብ በሉ የደመራ ዕለት፣ ሃምስተር ገበያ ወጣ። የአንዱ ዋጋ አንድ የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ነበር፤ ከዚያም ቁልቁል ወረደ። ወራት ሙሉ ሲጠቀጥቅ የከረመ ልጅ ያገኘው የካርድ መሙያ ሆነ። የዚያን ዓመት ደመራ ወዴት እንደወደቀ ያስተዋለ ወጣት ብዙ አልነበረም፤ ሃምስተር ወዴት እንደወደቀ ግን ሁሉም ያውቃል።

ጨዋታው አለፈ፤ ዋሌቱ ግን ስልኩ ላይ ቀረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ ይወሰን ተብሎ ዶላር ሽቅብ ሲተኮስ፣ ልጆቹ የለመዱትን ዋሌት ለሌላ ሥራ ፈለጉት። ዩኤስዲቲ የሚባለውን፣ አንዱ አንድ የአሜሪካ ዶላር እንዲያክል ተደርጎ የተሠራውን ሳንቲም መያዝ ጀመሩ። አንዳንዱ በኢንተርኔት ለውጭ ሰው ሠርቶ ክፍያውን በዚሁ ይቀበላል። አንዳንዱ ከዱባይና ከቤይሩት እህቱ የምትልክለትን በዚሁ ይቀበላል። እንግዲህ ቀልዱ እዚህ ላይ ያበቃል። የሃምስተር ሳንቲም ቢጠፋ ያስቃል፤ የእህት የሁለት ወር ደመወዝ ሲጠፋ አያስቅም።

አሁን ወደ ነገሩ። ሰውን መጀመሪያ የሚያሳስተው ስሙ ነው። ዋሌት ማለት የገንዘብ ቦርሳ ማለት ነው። ስልካችሁ ላይ ያለው ግን ቦርሳ ሳይሆን ቁልፍ ነው። ታላላቆቻችን ፖስታ ቤት ሣጥን ይከራዩ ነበር፤ «ፖ.ሣ.ቁ. ይህን ያህል» እየተባለ በየደብዳቤው ራስጌ ይጻፋል። ቁጥሩን ለማንም ትሰጣለህ፤ የፈለገ ሰው ደብዳቤ ይልክልሃል፤ ከፍቶ የሚያወጣው ግን ቁልፉን የያዘ ብቻ ነው። የክሪፕቶም ነገር ይኸው ነው። «አድራሻ» የምትሉት ያ ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር የሣጥኑ ቁጥር ነው። ዋሌቱን ስትከፍቱ «በወረቀት ጻፏቸው» የተባላችሁት 12 የእንግሊዝኛ ቃላት (አንዳንዱ ዋሌት ላይ 24 ናቸው) ቁልፉ ናቸው። ሣጥኑ ያለው በዓለም ዙሪያ ብዙ ኮምፒውተሮች እየተገላበጡ በሚይዙት አንድ መዝገብ ላይ ነው። አንድ ልጅ «እዚህ ጎሮ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ ነው እንዴ ያለው?» ብሎ ጠይቆኛል። አይደለም ወንድሜ! ፓርኩ ያሉትን ኮምፒውተሮች ብታጠፋቸውም መዝገቡ ሌላው ዓለም ላይ ይቀጥላል።

ከፖስታ ቤቱ ሣጥን የሚለይበት አንድ ነገር አለ። የዚህኛው በሩ መስታወት ነው። ማንም መንገደኛ ቆሞ ውስጡ ስንት እንዳለ፣ መቼ እንደገባ፣ መቼ እንደወጣ፣ ወደ የትኛው ሣጥን እንደሄደ ማየት ይችላል። ማውጣት አይችልም እንጂ ያያል።

ይህ የገባው ሰው አፑ ዜሮ ቢለው ከአፑ ጋር አይጨቃጨቅም፤ ሄዶ መዝገቡን ይጠይቃል። አፕ ኔትወርክ ሲቆራረጥበት፣ ሳይታደስ ሲከርም፣ ያላየውን ሁሉ ዜሮ ብሎ ይጽፋል። ገንዘቡ በትሮን መስመር ከሆነ ትሮንስካን፣ በባይናንስ ሰንሰለት ከሆነ ቢኤስሲስካን፣ በኢቴሪየም ከሆነ ኢተርስካን፣ በቴሌግራሙ ቶን ከሆነ ቶንቪወር የሚባሉ ገጾች አሉ። የሣጥናችሁን ቁጥር፣ ማለትም አድራሻውን ብቻ ለጥፋችሁ ትፈልጋላችሁ። የይለፍ ቃል አይጠይቁም፤ 12ቱን ቃላት አይጠይቁም። የሚጠይቅ ገጽ ካጋጠማችሁ የሌባ ገጽ ነውና ዝጉት!

መዝገቡ የሚነግራችሁ፣ ወይ ገንዘቡ አለ፣ ወይ አልመጣም፣ ወይ መጥቶ ወጥቷል። ሌላ የለም።

«አለ» ሲል ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ልጅ ታሪክ ልንገራችሁ። ስሙን አልጠራም፤ ብሎኩንም አልናገርም። እህቱ ቤይሩት የሰው ቤት ትሠራለች። አንድ ማታ 4 ሰዓት ላይ «380 ዩኤስዲቲ ልኬልሃለሁ» አለችው። ዋሌቱን ከፈተ፤ ዜሮ። ዘግቶ ከፈተ፤ ዜሮ። እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ሲከፍትና ሲዘጋ አመሸ። «ተሸውደሻል» ብሎ ጻፈላት፤ እዚያ ማዶ እሷ ስታለቅስ አደረች። ሲነጋ ቴሌግራም ላይ የዋሌቱን ስም የለጠፈ አንድ የ«እርዳታ» ግሩፕ ፈልጎ ገባና «ገንዘቤ አልገባም» ብሎ ጻፈ። ደቂቃ ሳይሞላ አንድ «ሠራተኛ» በውስጥ መስመር አናገረው። ስሙ የፈረንጅ፣ ፎቶው ከረባት ያሰረ፣ አነጋገሩ እንደ ማር የሚጣፍጥ! «ዋሌትህ ከመዝገቡ ጋር አልተናበበም፤ እናናብበው» ብሎ አንድ ገጽ ላከለት። ገጹ 12ቱን ቃላት ይጠይቃል። ልጁ አስገባ።

እኔ ጋ የመጣው በዚያው ቀን ማታ ነው። አድራሻውን ወስደን መዝገቡን ገለጥነው። መጀመሪያ ያገኘነው መስመር ገቢ ነው፤ 380 ዩኤስዲቲ፣ ማታ 4 ሰዓት ከ6 ደቂቃ። ልክ እህቱ እንዳለችው! እሷ የላከችው በባይናንስ ሰንሰለት ነው፤ እሱ ሌሊቱን ሙሉ አፍጥጦ ያደረው የኢቴሪየሙ ዩኤስዲቲ ላይ ነው። ገንዘቡ ከመስታወቱ በስተጀርባ ለ13 ሰዓት ቁጭ ብሎ ይጠብቀው ነበር። ከዚያ በታች ሁለት መስመሮች አሉ። ጠዋት 5 ሰዓት አልፎ አንድ ያልታወቀ አድራሻ ጥቂት ሳንቲም ይከትለታል፤ ሌባው ለማውጫ የሚሆነውን የአገልግሎት ክፍያ ከራሱ ኪስ እየከፈለ ነው። ወዲያው 380ው ይወጣል። ልጁ ቃላቱን አስገብቶ «ላክ» የሚለውን ከነካ 4 ደቂቃ ነበር።

እስቲ ፍረዱ! ዋሌቱን ከፍቶ ከሳንቲሞቹ ዝርዝር ውስጥ የባይናንስ ሰንሰለቱን ዩኤስዲቲ ፈልጎ ቢያበራው ኖሮ ገንዘቡ ይታየው ነበር። ከ1 ደቂቃ በላይ የሚወስድ ሥራ አይደለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የዚህ ልጅ ደግሞ የፈሰሰው የሚለቀም አልሆነም።

ይህ የመስመር ነገር ብዙዎችን ስለሚያወናብድ ትንሽ ልቆይበት። ሁለት ፖስታ ቤቶች አሉ እንበል፤ በሁለቱም ውስጥ ያንተ ሣጥን ቁጥሩ አንድ ነው፤ ቁልፉም አንድ ነው። ደብዳቤው አንደኛው ጋ ደርሶ አንተ ሌላኛው ጋ ሄደህ ሣጥኑን ብታንኳኳ ባዶ ነው። ኢቴሪየምና የባይናንስ ሰንሰለት እንዲህ ናቸው። አድራሻቸው በ«ዜሮ ኤክስ» ይጀምራል፤ በሁለቱም ላይ አንድ ነው። የትሮን አድራሻ ግን «ቲ» በምትባለው የእንግሊዝኛ ፊደል ስለሚጀምር ዓይን ይለየዋል። ስለዚህ ከላኪው ጋር ስትነጋገሩ «ስንት ላክሽ?» ብቻ ሳይሆን «በየትኛው መስመር ላክሽ?» በሉ።

ሌላው የመሥሪያ ቤት ሣጥን ነገር ነው። ባይናንስን የመሰሉ መገበያያዎች ቶን ላይ ላሉ ሳንቲሞች ለሁሉም ደንበኛ አንድ ሣጥን ይሰጡና «ይህን ቁጥር ማስታወሻው ላይ ጨምሩ» ይላሉ። ሜሞ ይሉታል። ኖትኮይንና ሃምስተር ወደ መገበያያ ሲላክ በየሰፈሩ ስንቱ ልጅ ጮኸ! ሜሞውን ሳይጽፍ ልኮ ነው። አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ለሺህ ሠራተኛ አንድ ፖስታ ሣጥን አለው፤ ደብዳቤው ላይ የሰው ስም ካልተጻፈ መዝገብ ቤት ተቀምጦ ይቀራል እንጂ ማን ዴስክ ላይ ይውሰዱት? እዚህ ላይ ተስፋ አለ። ገንዘቡ መገበያያው እጅ ስለገባ፣ በአፑ ውስጥ ባለው የእርዳታ ክፍል (በአፑ ውስጥ ባለው አልኩ፤ በቴሌግራም አላልኩም!) የዝውውሩን መለያ ቁጥር ይዞ ማመልከት ይቻላል። ቀናት ይፈጃል፤ ክፍያም ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ግን ይገኛል።

ሣጥኑ ራሱ የተሳሳተባቸውም አሉ። በሃምስተር ዘመን አንዱ ልጅ ሦስት አራት ዋሌት ከፍቷል። ስልኩ ሲበላሽ ካገኘው ወረቀት ላይ 12 ቃላት ያስገባል፤ ዋሌቱ ይከፈታል፤ ባዶ ነው። ቃላቱ የሌላው ዋሌት ናቸው። የቆዩ ወረቀቶችን ከመጽሐፍ ቅዱስና ከደብተር መሃል እየፈለጋችሁ አንድ በአንድ ሞክሩ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ይህን ያዙልኝ፤ 12ቱ ቃላት በእጃችሁ መኖራቸውን ሳታረጋግጡ «አጥፍቼ ልጫነው» ብላችሁ አፑን ከስልካችሁ አታጥፉ! ስልኩ ላይ ያለው ብቸኛ ቁልፍ ከሆነ ራሳችሁ ቁልፉን ሽንት ቤት ጣላችሁት ማለት ነው። አምራቹን ብትጠሩ፣ ሳተላይት ብታስነሱ የሚከፍተው የለም።

መዝገቡ «አልመጣም» ካለ ነገሩ አጭር ነው። ላኪውን የዝውውሩን መለያ ቁጥር ጠይቁት። ስክሪንሾት አይደለም፤ ስክሪንሾት ሥዕል ነው፤ ሥዕል ደግሞ ማንም ይስላል። ቁጥሩን መዝገቡ ላይ ስትፈልጉት ወይ በመጠባበቅ ላይ ነው፣ ወይ ከሽፏል፣ ወይ ሌላ አድራሻ ገብቷል፣ ወይ ጨርሶ የለም። ዩኤስዲቲ ለሰው ሸጣችሁ ብር የምትቀበሉም እንዲሁ ናችሁ። «ገቢ ሆኗል» የሚል የባንክ መልእክት ስልካችሁ ላይ ሲመጣ ሳንቲሙን አትልቀቁ፤ መልእክት ይፈበረካል። የባንካችሁን አፕ ራሳችሁ ከፍታችሁ ሒሳባችሁ ላይ ብሩን በዓይናችሁ እዩ። የላከው ሰው ስም ከተዋዋላችሁት ሰው ስም ጋር ካልገጠመም ተዉት። ያ ብር ከሌላ ሰው የተሰረቀ ቢሆን ሒሳቡ የሚታገደው የእናንተ ነው።

«ወጥቷል» ካለስ? ይህኛው የሚያም ነው። ብዙውን ጊዜ መነሻው የተሰጡ 12 ቃላት ናቸው። አንዳንዱ ቃላቱን አልሰጠም፤ «ነጻ ስጦታ ውሰድ» የሚል ገጽ ላይ ዋሌቱን አገናኝቶ «እስማማለሁ» ብሏል፤ ያ ስምምነት ለገጹ ባለቤት ገንዘቡን እንዲያነሳ ውክልና መስጠት ነው። ሌላው ደግሞ ከአድራሻው መጀመሪያና መጨረሻ ያሉትን ፊደላት ብቻ አይቶ ይልካል። ሌቦቹ የእናንተን ወዳጅ አድራሻ የሚመስል ሠርተው ባዶ ዝውውር ይልኩላችኋል፤ ታሪካችሁ ውስጥ ይገባል፤ ነገ ከታሪኩ ገልብጣችሁ ስትልኩ ለሌባው ላካችሁ። ይህ የጎሮ ልጅ ሞኝነት እንዳይመስላችሁ! በግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. አንድ ባለሀብት በዚሁ ዘዴ 68 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አንዴ ላከ። ነገሩ ዓለምን አዳርሶ ሌባው መውጫ ቢያጣ መለሰለት። ለ380 ዶላር ዓለም አይጮህም።

ቃላቱ እንደወጡባችሁ ካወቃችሁ የስልካችሁን የይለፍ ቃል መቀየር አይጠቅምም፤ እሱ የስልኩን በር እንጂ የሣጥኑን አይዘጋም። በሌላ ንጹሕ ስልክ አዲስ ዋሌት በአዲስ ቃላት ክፈቱና የተረፈውን በዚያች ደቂቃ አሻግሩ። የድሮውን ሣጥን እርሱት።

(በነገራችን ላይ ቃላቱን ራሱ የሚሰጣችሁ ሌባም አለ! «ዋሌቴ ውስጥ ብዙ ዶላር አለ፤ ማውጣት አላወቅሁም፤ ቃላቱ እነዚህ ናቸው» ይላችኋል። ከፍታችሁ ስታዩ እውነትም ዶላሩ አለ። ለማውጫ የሚሆን ትሮን ትከታላችሁ፤ የከተታችሁት ወዲያው ይጠረጋል፤ ዶላሩ ደግሞ ሁለተኛ ቁልፍ ስላለው ንቅንቅ አይልም። የሰው ኪስ ለመፈተሽ ገብቶ የራሱን ኪስ አራግፎ የወጣ ሰው የት ሄዶ ይከሳል?)

ከዚህ ሁሉ የባሱት ግን «የጠፋ ክሪፕቶ እናስመልሳለን» የሚሉት ናቸው። ቴሌግራሙን፣ ፌስቡኩን፣ ቲክቶኩን ሞልተውታል። ከጅብ ቆዳ የተሠራ ክራር ቅኝቱ «እንብላው፣ እንብላው» ነው። «መጀመሪያ 3 ሺህ ብር ላክ» ይላሉ፤ ቀጥሎ «የሶፍትዌር ማስከፈቻ» ይላሉ፤ ቀጥሎ «ቃላቱን ስጠን»። መዝገብ ላይ የሰፈረን ዝውውር መልሶ የሚሰርዝ «ሀከር» የለም። ሊያግዱ የሚችሉ ሁለት ወገኖች አሉ፤ ዩኤስዲቲን የሚያወጣው ቴዘር የተባለው ኩባንያና ገንዘቡ የደረሰበት መገበያያ። እነሱም የሚሰሙት በአብዛኛው ፖሊስና ፍርድ ቤት ሲጠይቃቸው ነው።

መጋቢት 2016 ዓ.ም. ንግድ ባንክ ላይ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። በአንድ ሌሊት ሲስተሙ ተዛብቶ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ወጣ። ባንኩ ስም ዝርዝርና ፎቶ እየለጠፈ፣ እያስፈራራ፣ አብዛኛውን አስመለሰ። የዚህኛው መዝገብ ግን ሥራ አስኪያጅ የለውም፤ ስም አይለጥፍም፤ አቤቱታም አይቀበልም። ታዲያ ድሃው አቤት የሚለው ለመንግሥት አይደለም?

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገርመው። በ2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ ነው፤ ኅብረተሰቡ ይቆጠብ፤ ሲደረግ ያየ ይጠቁም አለ። የዚያኑ ዓመት ነሐሴ ኢንሳ፣ ማለትም የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር፣ በዘርፉ የተሰማራችሁ ኑና ተመዝገቡ አለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ከ20 በላይ ከሚሆኑ የቢትኮይን አምራች ኩባንያዎች ጋር ተዋውሎ ኤሌክትሪክ በዶላር ይሸጥ ነበር። አንዱ አትንኩ ይላል፤ አንዱ ተመዝገቡ ይላል፤ አንዱ መብራት ሸጦ ዶላሩን ይቆጥራል! ለፈረንጁና ለቻይናው ኢንቨስትመንት የሆነው ነገር ለጎሮ ልጅ ወንጀል ሆኖ የሚቀርበት ምክንያት ምንድነው? ባንኩ የማስጠንቀቅ ሥልጣን የለውም አላልኩም፤ ማስጠንቀቁ እንዲያውም ደግ ነው። ነገር ግን ማስጠንቀቂያው ከሌባው ይልቅ የተዘረፈውን ነው ዝም ያሰኘው። ያ የ380 ዶላሩ ልጅ «ፖሊስ ጣቢያ እንሂድ» ስለው «እኔኑ ቢያስሩኝስ?» ነበር ያለኝ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ አበው፤ እዚህ ሰፈር ግን ዝም ያለ ሁሉ ነቅዟል። ሌቦቹም ይህን ያውቃሉ፤ ጮሆ የማይከሳቸውን ሰው ነው የሚመርጡት።

ሕጉን ግን እንየው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 ሰውን አታልሎ ጥቅም ያገኘን ይቀጣል። ያታለለው በሬ በመሸጥ ይሁን በዩኤስዲቲ አይልም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958ም በኮምፒውተር የሚፈጸም ማታለልን በስሙ ጠርቶ ከልክሏል። ስለዚህ የተዘረፈ ሰው የሚያቀርበው አቤቱታ አለው። ጣቢያው መዝገብ አልከፍትም ካለ፣ በጽሑፍ አስገብታችሁ ቀኑንና የተቀባዩን ስም ያዙ። ሰው ሁሉ ተራ በተራ ቢያመለክት ፋይሉ ይከብዳል፤ የከበደ ፋይል ደግሞ አንድ ቀን ጠረጴዛ ይፈልጋል። መንግሥትም ለአምራቾቹ ያገኘውን ጠረጴዛና ወንበር ያህል ለተዘረፉትም አንድ ቢያኖር በጀቱ አይናጋም!

ይዛችሁ የምትሄዱት ብዙ አይደለም። የራሳችሁ አድራሻ፣ ገንዘቡ የሄደበት አድራሻ፣ የዝውውሩ መለያ ቁጥር ከነሰዓቱ፣ ከሌባው ጋር የተጻጻፋችሁት ሳይሰረዝ። ቴሌግራም ላይ ሌባው ከሁለቱም ወገን ሊያጠፋው ስለሚችል ያን ቀን ፎቶ አንሱት። መገበያያ ጋ ሄዶ ከሆነም በዚያችው ሰዓት በአፑ በኩል አሳውቁ፤ ሌባው ወደ ብር ሳይለውጠው የተያዘበት አጋጣሚ አለ።

የማወራው ይኸው ነው። አዳራሹ እስከ 12 ሰዓት ክፍት ነው ብለውኛል። ዜሮ ያያችሁ ካላችሁ አድራሻችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ወደዚህ ወደ ፊት ኑ፤ መዝገቡን አብረን እንገልጠዋለን። 12ቱን ቃላት የያዘው ወረቀት ግን ኪሳችሁ ውስጥ ካለ መጀመሪያ እቤት አድርሱትና ተመለሱ፤ እኔም ማየት አልፈልግም።